ሕፃን በመድኃኒት ሲተኛ ማን ይጠብቀዋል?

(በእድራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ በጤና ኮሚቴው የቀረበ ንግግር። ስብሰባው ላይ ላልተገኙ አባላት በማስታወቂያ ሠሌዳው ላይ እንዲለጠፍ በተወሰነው መሠረት የወጣ ነው።)



የጤና ኮሚቴው በዚህ ወር ስለ መጸዳጃ ቤት አያያዝ እንደሚናገር ባለፈው ስብሰባ አስታውቀን ነበር። እርሱን ለሌላ ጊዜ አስተላልፈነዋል። ምክንያቱን አብዛኞቻችሁ ታውቁታላችሁ። በሠፈራችን አንድ ሕፃን ለጥቂት ተርፏል። ከዚያ ወዲህ በየቡናው ላይ የሚወራውን ሰምተናል። ግማሹ «እናቲቱ በገዛ እጇ ልትፈጀው ነበር» ይላል፤ ግማሹ ደግሞ «ሐኪሞቹ ናቸው» ይላል። እኛ ከእናቲቱ ጋር ተቀምጠን ነገሩን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሰምተናል። እንድንናገረውም ፈቅዳለች። ስሟን አንጠራም፤ ልጁ የታከመበትንም ቦታ አንጠራም። ማንንም ለመክሰስ አልተነሣንም። የተነሣነው ነገ ከመካከላችን አንዱ ሕፃኑን ይዞ በዚያው መንገድ መሄዱ ስለማይቀር ነው።

የሆነው እንዲህ ነው። የስምንት ወሩ ሕፃን እየዳኸ ሄዶ ጀበናውን ጎተተና የፈላው ቡና እጁና ደረቱ ላይ ፈሰሰበት። ቅቤ ተቀባ። (ቅቤውን ለሌላ ቀን እናቆየው፤ እርሱም ራሱን የቻለ ንግግር ያስፈልገዋል።) ሲመሽ ለቅሶው አልቆም አለ። ከጎረቤት «ለጉንፋን» የሚባል ሽሮፕ ተገኘና ሁለት ማንኪያ ተሰጠው፤ ልጁም ተኛ። ሌሊት እንደገና ሲነቃ እንደገና ተሰጠው። በማግስቱ እናቲቱ ዋርሳዋን አስከትላ ከአምበር ውጭ ወዳለ አንድ የሕክምና ቦታ ሄደች።

የተቃጠለ ቆዳ ሲታጠብና የሞተው ሲነሣ ሕመሙ ብርቱ ነው። ስለዚህ ሕፃኑን የሚያስተኛ መርፌ እንደሚሰጡት ነገሯት። ይህ ትክክል ነበር፤ ሕፃን ሳይተኛ እየጮኸ ቁስሉ ይፋቅ የሚል ሰው ቢኖር እኛ አንስማማም። «ስንት ኪሎ ነው?» ብለው ጠየቋት። እሷም «ኧረ አሥር ሳይሆን አይቀርም» አለች። መቼም እናት ልጇን አሳንሳ አትናገርም። አሥር ተብሎ ተጻፈ። በኋላ ሲመዘን ሰባት ኪሎ ሆኖ ተገኘ።

ቤት ውስጥ ምን ሰጥተሽዋል ብሎ የጠየቃት የለም። እሷም አልተናገረችም። መድኃኒት መሆኑም አልታሰባት፤ ለጉንፋን ነዋ!

ቁስሉ ታጠበ፤ ተጠቀለለ። ሕፃኑ አንዴም አላለቀሰም። «እንዴት ያለ ጨዋ ልጅ ነው!» ተባለ። ቀኑ ወደ ማምሻው ተቃርቦ ስለ ነበር መኪና እንዳያመልጣቸው ፈሩ። «እቤት ሲደርስ ይነቃል» ተብላ አዝላው ወጣች። አንቀልባውን ጠበቅ አድርጋ፣ ለብርዱም ነጠላዋን በራሱ ላይ ደርባ እስከ መናኸሪያው በእግር ሄደች። ሚኒባስ ውስጥ ከጀርባዋ አውርዳ እንደ ተጠቀለለ ጭኗ ላይ አስቀመጠችው። አገጩ ደረቱ ላይ ተደፍቷል፤ ነጠላውም ፊቱን ሸፍኖታል። ለሚያየው ሰው ሕፃን ተኝቷል፣ በቃ።

ጥቂት እንደ ሄዱ ዋርሳዋ ነጠላውን ገለጥ አድርጋ አየችው። ከንፈሩ የጓያ አበባ መስሏል። ጮኸች። መኪናው ቆመ። ተሳፋሪው ሁሉ ሐኪም ሆነ፤ አንዱ ውኃ ርጩበት፣ አንዱ ጤና አዳም አሽቱት፣ ሌላው ዘቅዝቃችሁ ያዙት ይላል። ዋርሳዋ ግን ማንንም ሳትሰማ ጥቅልሉን ፈትታ ሕፃኑን ወንበሩ ላይ በጀርባው አስተኛችውና አንገቱን አቀናች። በዚያው ቅጽበት ልጁ እህ ብሎ አየር ሳበ። ሾፌሩም (እግዜር ይስጠው) ሳይከራከር ወደ መጡበት አዞረው። ሕፃኑ ኦክስጅን እየተሰጠውና እየተጠበቀ አደረ። ትናንት ጠዋት በርጩማ ተደግፎ ሲቆም አይተነዋል።

አሁን ወደ ጥያቄው እንግባ። ጥፋቱ የማን ነው? እኛ ቆጥረን ያገኘነው አንድ ጥፋት አይደለም፤ ቢያንስ አራት ነው። በግምት የተነገረ ኪሎ አለ። ያልተነገረ ሽሮፕ አለ። ሳይነቃ የተሸኘ ልጅ አለ። ደረት ላይ የተደፋ አገጭ አለ። እያንዳንዱ ብቻውን ቢሆን ኖሮ ምናልባት ምንም ባልሆነ። አንድ ላይ ሲመጡ ግን ሕፃኑን ከመንገድ ዳር አደረሱት።

በቅድሚያ መታወቅ ያለበት ነገር መድኃኒት ያመጣው እንቅልፍና የተፈጥሮ እንቅልፍ አንድ አለመሆናቸው ነው። ጤነኛ ሕፃን ሲተኛ ሰውነቱ ዘብ አይለቅም። አፍንጫው ቢታፈን ይወራጫል፤ አንገቱ ቢታጠፍ ያቃናል ወይም ያለቅሳል። የሚያስተኛ መድኃኒት የወሰደ ሕፃን ግን ዘቡም አብሮት ተኝቷል። የጉሮሮው ጡንቻ ይላላል፤ ምላሱ ወደ ኋላ ይወድቃል፤ ተንፍስ የሚለው የአንጎል ትእዛዝም ይደክማል። መድኃኒቱ ልክ ሲሆን ልጁ ሕመም ሳይሰማው ይተነፍሳል። ልኩን ሲያልፍ ትንፋሹም አብሮ ይሄዳል። በአዋቂ ሰው በሁለቱ መካከል ያለው ሜዳ ሰፋ ያለ ነው፤ በሕፃን ጠባብ ነው።

ጠባብ የሆነበት ምክንያት አለው። የሕፃን ጭንቅላት ከአካሉ ጋር ሲነጻጸር ትልቅ ነው፤ በጀርባው ስናስተኛው እንኳ የኋላ ራሱ አንገቱን ወደ ፊት ይገፋዋል። ምላሱ ለአፉ ትልቅ ነው፤ የአየር ቧንቧውም ቀጭን ነው። በኪሎ ሲሰላ ከአዋቂ ሰው ሁለት እጥፍ ያህል ኦክስጅን ይፈጃል፤ ስለዚህ ትንፋሹ ሲቋረጥ እኛ ደቂቃዎች የምንቆይበትን እሱ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ይጨርሰዋል። በተለይ ገና በተወለደ ሕፃን ጉበትና ኩላሊቱ ስላልጠኑ ከአዋቂ አካል በሰዓታት የሚወጣ መድኃኒት ቀናት ሊቆይበት ይችላል። በዚህ ላይ የእኛን አገር አየር ጨምሩበት። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ናት፤ እኛም የምንኖረው በዚያው ደጋ ነው። አየሩ ስስ ነው። ቆላ ላለ ልጅ የሚተርፈው ያህል መጠባበቂያ ለእኛ ልጆች የላቸውም።

ስለ ኪሎው ጥቂት መዘግየት እንፈልጋለን። አዋቂ ሰው ሲታመም አንድ እንክብል ይባላል፤ ወፍራሙም ቀጭኑም ያንኑ ይውጣል። ለሕፃን እንዲህ አይደረግም። እያንዳንዱ መድኃኒት በኪሎ ተባዝቶ ነው የሚሰጠው። አምስት ኪሎ ለሚመዝን ልጅ ሁለት ኪሎ መሳሳት ቀልድ አይደለም። የኛው ልጅ ሰባት ሆኖ ሳለ በአሥር ሲሰላለት የተጨመረበት ትርፍ የልኩን ግማሽ ሊሞላ ጥቂት ነው የቀረው።

ሌላም አለ። አብዛኛው የመርፌ መድኃኒት የሚታሸገው ለአዋቂ ሰው ታስቦ ነው። ለምሳሌ ዲያዜፓም የሚባለውን እንውሰድ። በተለመደው አምፑል ውስጥ በ2 ሲሲ 10 ሚሊ ግራም አለ። በኪሎ 0.2 ሚሊ ግራም ይሰጠው ቢባል ለሰባት ኪሎ ሕፃን 1.4 ሚሊ ግራም መሆኑ ነው፤ ይህም ከአንድ ሲሲ ሩብ ብዙ የማይበልጥ፣ በስሪንጁ ጫፍ ላይ የምትታይ ጠብታ ናት። አሁን ተመልከቱ። «1.4» ተብሎ የተጻፈው ሚሊ ግራም መሆኑ ተረስቶ በሲሲ ቢቀዳ አምስት እጥፍ ይሆናል። ነጥቧ ጠፍታ «14» ተብሎ ቢነበብ አሥር እጥፍ ይሆናል። ለአዋቂ ሰው አሥር እጥፍ ለመስጠት አምፑል ላይ አምፑል መስበር ያስፈልጋል፤ በዚያን ጊዜ የሚሰጠው ሰው ራሱ ይደነግጣል። ለሕፃን ግን አሥር እጥፉም ቢሆን ያው አንድ ትንሽ ስሪንጅ ውስጥ ይገባል። ዓይን አይደነግጥም። (ይህን ቁጥር የጠቀስነው ሒሳቡን ለማሳየት ብቻ ነው፤ ማንም እቤቱ እንዳይሞክረው።)

ይህ በባለሙያ እጥረት ብቻ የሚሆን እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1996 በአሜሪካ በሂዩስተን ከተማ፣ ሁሉ ነገር በተሟላበት ሆስፒታል ውስጥ የሆነ ነገር አለ። መድኃኒቱ የሚያስተኛ ሳይሆን የልብ መድኃኒት ነበር፤ ስሕተቱ ግን ይኸው የነጥብ ስሕተት ነው። ለሁለት ወር ሕፃን 0.09 ሚሊ ግራም መታዘዝ ሲገባው 0.9 ተብሎ ተጻፈ። ፋርማሲስቱ ተጠራጥሮ ወረቀቱን ለይቶ አስቀመጠና ሐኪሙን አስፈለገው፤ አላገኘውም። በዚህ መካከል የትእዛዙ ሌላ ቅጂ መጣና መድኃኒቱ ተዘጋጀ። ሊሰጡት የተዘጋጁት ነርስ «ይህ አልበዛም?» ብለው ጠየቁ። ተረኛው ሐኪም ሒሳቡን እንደገና ሠራ፤ ትክክለኛውንም መልስ አገኘ፤ ነገር ግን ሁለቱን ቁጥሮች ሲያስተያይ ዘጠኝን ከዘጠኝ ጋር አየና ነጥቧን ሳያያት ቀረ። ሕፃኑ ሞተ። ልብ በሉ፤ የጠየቀ ሰው ነበር። አንድ ሰው ብቻ ሳይሆን ሁለት ሰው ጠርጥሮ ነበር። ሆኖም አለፈ። እንግዲህ ጭራሽ የሚጠይቅ ሰው በሌለበት ምን ሊሆን እንደሚችል ገምቱት።

ስለዚህ የመጀመሪያው ልመናችን ይህ ነው። «ስንት ኪሎ ነው?» ስትባሉ ቁጥር አትንገሩ። «እባክዎ ይመዝኑልኝ» በሉ። የክትባት ካርዱ ላይ ኪሎ ተጽፏል የሚል ይኖራል። ጥሩ ነው፤ ካርዱን ያዙ። ነገር ግን ሕፃን ከተወለደ እስከ አምስት ወር ባለው ጊዜ ክብደቱን እጥፍ ያደርጋል፤ የታመመ ልጅ ደግሞ በሳምንት ውስጥ ይቀንሳል። የከረመ ኪሎ እንደ ከረመ ዜና ነው። መመዘን የሐኪምን ጊዜ መሻማት አይደለም። ሥራ የበዛበት ባለሙያ እንኳ «ይመዝኑልኝ» ሲባል አይቆጣም፤ ቢቆጣም ቁጣው ያልፋል።

ሁለተኛው የሽሮፑ ጉዳይ ነው። ጠርሙሱን አስመጥተን አይተነዋል። ፕሮሜታዚን ይላል። ይህ ለማሳከክ፣ ለማስመለስና ለጉንፋን የሚሸጥ መድኃኒት ሲሆን፣ ኃይለኛ እንቅልፍ ያመጣል። የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2004 ከሁለት ዓመት በታች ላሉ ልጆች ጨርሶ እንዳይሰጥ ማስጠንቀቂያ በጠርሙሱ ላይ እንዲታተም አድርጓል። ምክንያቱም ትንፋሻቸውን እያቆመ የገደላቸው ሕፃናት ነበሩ። ሌሎችም የጉንፋን ሽሮፖች እንቅልፍ የሚያመጣ ነገር አለባቸው። በርካቶቻችን ይህን እናውቃለን፤ እንዲያውም የምንሰጠው ለእንቅልፉ ብለን ነው። እስቲ እውነት እንነጋገር። «ለጉንፋን» እያልን ስንሰጥ ስንቶቻችን ነን ጉንፋን የነበረበት ልጅ የያዝነው? ነገሩ የእኛ ብቻም አይደለም። ከ1849 ጀምሮ በአሜሪካ ጥርስ ለሚያበቅሉ ሕፃናት «ማረጋጊያ» እየተባለ ሲሸጥ የኖረ ሽሮፕ ውስጡ ሞርፊን ነበረበት፤ እናቶች ልጃቸው ጸጥ አለ ብለው ሲደሰቱ ስንቱ በዚያው ቀርቷል።

ሁለት የሚያስተኛ መድኃኒት ሲገናኝ አንዱ ባንዱ ላይ ይከመራል። ስለሆነም ልጃችሁ መርፌ ሊወጋ ሲል ያልተጠየቃችሁትን ተናገሩ። ሽሮፕ፣ የሚጥል በሽታ መድኃኒት፣ ከሌላ ክሊኒክ የተሰጠ መርፌ፣ የባሕል መድኃኒት፣ በድዱ ላይ የተቀባች አረቄም ብትሆን። ጠርሙሱን ይዛችሁ ሂዱ። ማፈር የለም። እናቲቱ ያለችንን እንንገራችሁ፤ «ቢጠይቁኝ ኖሮ እነግራቸው ነበር፤ ሳይጠየቁ መናገር ግን ማን አስተማረን?» አለች። እውነቷን ነው።

ስለ ጡትም እንዲሁ ነው። ልጁ ሳይበላ ይምጣ ሲባል ባለሙያዎቹ ለማስራብ ፈልገው አይደለም። ሆዱ የሞላ ልጅ በመድኃኒት ሲተኛ ያስመልሰውና ወደ ሳንባው ይገባል። በተለመደው መመሪያ ከእናት ጡት 4 ሰዓት፣ ከላም ወተትና ከአጥሚት 6 ሰዓት ይጠበቃል፤ ነገር ግን የሚሠሩላችሁ ባለሙያ ያሏችሁን ያዙ። ወረፋ ላይ ሲያለቅስባችሁ ተደብቃችሁ ካጠባችሁት፣ ግድ የለም፣ ተናገሩ። ቀጠሮው ለአንድ ሰዓት ቢገፋ ነው።

ሦስተኛውና እኛን ከሁሉ በላይ ያሳሰበን የመመለሻው ጊዜ ነው።

ሰው ሁሉ የሚፈራው መርፌውን ነው። ቁስሉ ሲታጠብ ሁሉም ልጁን ከቦ ያየዋል። ሲያልቅ «እፎይ!» ብሎ ሁሉም ይበተናል። አደጋው ግን አብሮ አልተበተነም። እንዲያውም ሕመሙ ልጁን ይቀሰቅሰው ነበር፤ ሕመሙ ሲቆም ቀስቃሹ ሄደ፤ መድኃኒቱ ግን ገና ደሙ ውስጥ ነው። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2000 የታተመ አንድ ጥናት ለምርመራና ለሕክምና ሲባል በመድኃኒት ተኝተው አደጋ የደረሰባቸውን 95 ልጆች ታሪክ አንድ በአንድ መርምሮ ነበር። 51 ሞተዋል፤ 9 ዘላቂ የአንጎል ጉዳት ደርሶባቸዋል፤ 21 ሆስፒታል ለመቆየት ተገድደዋል፤ ያለ ጉዳት ያመለጡት 14 ናቸው። አጥኚዎቹ ጥፋተኛ መድኃኒት ፈለጉ፤ አንድ ለይተው አላገኙም። በሁሉም ዓይነት መድኃኒት፣ በመርፌም በአፍም በሚሰጠው ደርሷል። ያገኙት ሌላ ነገር ነው፤ ከልክ ማለፍ፣ መድኃኒትን ከመድኃኒት መደራረብና የሚጠብቅ ሰው አለመኖር። ከልጆቹም መካከል ቤታቸው ሳሉ ወይም መኪና ውስጥ የተጎዱ ይገኙባቸዋል።

የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች ማኅበር በዚህ ጉዳይ ላይ መመሪያ ማውጣት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1985 ነው። በኋላ በተሻሻለው መመሪያ ውስጥ አንድ ነገር አንብበን ተገርመናል። ከእንዲህ ያለ ሕክምና በኋላ በመኪና ወንበር ታስሮ የሚመለስ ሕፃን ራሱ ወደ ፊት እንዳይደፋ ጥንቃቄ ይደረግ፤ የሚቻል ከሆነም ሁለት አዋቂ አብረውት ይሂዱ፣ አንዱ ይንዳ፣ አንዱ ልጁን ይይ ይላል። እኛ የሕፃን የመኪና ወንበር የለንም። አንቀልባ አለን። ጀርባ ላይ የታዘለ፣ ነጠላ የተደረበበት፣ የራሱን አንገት መያዝ ያቃተው ልጅ እናቱ ከየት ታየዋለች? ትንፋሹን በምን ትሰማለች? አንቀልባን አንነቅፍም፤ ሁላችንም በእሱ አድገናል። የምንለው ለዚያች ቀን ብቻ ይቅር ነው። ለዚያች ቀን ልጁ በክንድ፣ ፊቱ ተገልጦ፣ አገጩ ከደረቱ ተለይቶ ይያዝ።

ከመውጣታችሁም በፊት ልጁ ይንቃ። ዓይኑን ገልጦ ያያችሁ፣ ጡት ፈልጎ የጠባ፣ እንደ ወትሮው ያለቀሰ ልጅ ይዛችሁ ውጡ። የሚያለቅስ ልጅ የሚያስፈራን እኛ፣ በዚህ ጊዜ የሚያስፈራን የማያለቅሰው መሆን አለበት። መኪና ቢያመልጥስ? ያምልጥ። ደብረ ማርቆስ ዘመድ ያለው ዘመዱ ዘንድ ይደር፤ ዘመድ የሌለው እንኳ ታካሚ አልጋ አጠገብ አንድ ሌሊት መቀመጥ አያቅተውም። ለማደር መጠየቅም መብት ነው።

መንገድ ላይ ወይም እቤት ምን እንጠብቅ? ደረቱን ግለጡና ትንፋሹን በሰዓት ቁጠሩ፤ ሰዓት የሌለው ሰው ስልክ አይጠፋውም። ከዓመት በታች ያለ ሕፃን ብዙውን ጊዜ በደቂቃ ከ30 እስከ 60 ይተነፍሳል፤ ሲተኛ ጥቂት ዝቅ ይላል። ትንፋሹ ከ20 ሰከንድ በላይ ካቋረጠ፣ እያንኮራፋ ደረቱ ወደ ውስጥ ከገባ፣ ከንፈሩ ከጠቆረ፣ የእግሩን መዳፍ አጥብቃችሁ ብታሹት ካልነቃ፣ ያ እንቅልፍ አይደለም። በዚህ ጊዜ ውኃ አይረጭም፤ ቡና አይጋትም፤ አይናወጥም። ያን ዕለት ዋርሳዪቱ ያደረገችው ነው የሚደረገው። ጠፍጣፋ ነገር ላይ በጀርባው አስተኙት። ራሱ ወደ ኋላም ወደ ፊትም ሳይታጠፍ አፍንጫው ሽቅብ እንዲያይ አድርጋችሁ አቅኑት። ካልተነፈሰ አፋችሁን አፉና አፍንጫው ላይ በአንድነት ገጥማችሁ ቀስ ብላችሁ፣ ጉንጫችሁ የያዘውን አየር ያህል ብቻ እፍ በሉበት፤ ደረቱ ከፍ ሲል ልቀቁት፤ ድገሙት። እያደረጋችሁም ወደሚቀርበው ጤና ጣቢያ ሩጡ። እዚያ በእጅ እየተጨመቀ አየር የሚሰጥ ከረጢት አለ። ለአንዳንዱ መድኃኒት ማርከሻ አለው፤ ለብዙው ግን የለውም፤ መድኃኒቱ ከአካሉ እስኪወጣ ድረስ ትንፋሽ ማበደር ብቻ ነው ያለው።

ለባለሙያዎቹም አንድ ቃል አለን፤ ይህ ጽሑፍ ሲለጠፍ እንደሚያነቡት እናውቃለንና። ስንት ሰው በአንድ ቀን እንደምታዩ እናውቃለን። ኬታሚን የሚባለው መድኃኒት እ.ኤ.አ. ከ1985 ጀምሮ በዓለም ጤና ድርጅት የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ ሲገኝ፣ ከሌሎቹ ይልቅ ትንፋሽን ስለማይጫን እንደኛ ላለ አገር ባለውለታ መሆኑንም ተረድተናል። ሆኖም እሱም ቢሆን ያለ ጠባቂ አይሆንም። ጣት ላይ የምትቆነጠጠዋ የኦክስጅን መለኪያ ከጃፓን በ1970ዎቹ የወጣች ትንሽ ዕቃ ናት፤ ባለችበት ቦታ ሁሉ መሳቢያ ውስጥ ሳትሆን የልጁ ጣት ላይ ትሁን። የሚያክመው ሰው እጁ በቁስሉ ተይዟል፤ ዓይኑም እዚያው ነው። ስለዚህ እናቶች «ቁስሉን እርስዎ ሲያጥቡ ትንፋሹን የሚያየው ማነው?» ብለው ሲጠይቋችሁ እንደ ድፍረት አትቁጠሩባቸው። እንዲጠይቁ የነገርናቸው እኛ ነን።

አሁን ወደ ሐሳባችን እንምጣ። ኮሚቴው ለእድሩ የሚያቀርበው ይህን ነው። ከአባላቱ መካከል ማንኛዋም እናት ከሁለት ዓመት በታች ያለ ሕፃን በመድኃኒት ተኝቶ ለሚደረግ ሕክምና ስትወስድ፣ አብሯት የሚሄድ የአንድ ሰው ደርሶ መልስ የመኪና ሒሳብ ከእድሩ ይከፈል። ሰውየው ወይም ሴትየዋ ሥራቸው አንድ ነው፤ ሲመለሱ የልጁን ፊት ማየት።

ይህን ሐሳብ ለሥራ አስፈጻሚው ባቀረብን ጊዜ ተቃውሞ ገጥሞናል። አንድ አባታችን «እድር ለቀብር ነው የተቋቋመው፤ ለመኪና ሒሳብ አይደለም። ዛሬ ለሕፃን ካልን ነገ ለጥርስ ነቀላም ትሉናላችሁ» ብለዋል። ንግግራቸው መሠረት የለውም አንልም፤ ገንዘቡ የሁላችንም ነው፤ ደንቡም እንዲያ ይላል። እኛ ግን ያን ዕለት ዋርሳዋ የሄደችው በራሷ ገንዘብ መሆኑን፣ ገንዘቡ በእጇ ባይኖር ኖሮ እናቲቱ ብቻዋን ትሄድ እንደ ነበር እንድታስቡት እንለምናለን። እድሩ ለሕፃን ቀብር ምን ያህል እንደሚያወጣም ገንዘብ ያዡ ያውቁታል።

(ከንግግሩ በኋላ ረዘም ያለ ክርክር ተደርጎ፣ ሐሳቡ ለስድስት ወር እንዲሞከርና ውጤቱ ለጠቅላላ ስብሰባ እንዲቀርብ በድምፅ ብልጫ ተወስኗል። የተቃወሙት አባታችን ሲወጡ «የልጅ ልጄ ማክሰኞ ቀጠሮ አለው፤ እኔው ራሴ አብሬ እሄዳለሁ፤ ሒሳቡን ግን አልቀበልም» ብለዋል። ሌሎች ቀጠሮ ያላቸው አባላት በቀጠሮው ዋዜማ ለእድሩ ጸሐፊ ያሳውቁ። ሕፃኑን አስቀድመው ማስመዘን የሚሹ የክትባት ካርዱን ይዘው ወደ ጤና ጣቢያው ይሂዱ።)